እንጦጦ ፕላኔት ይጠብቅ

ይድረስ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእንጦጦ ቴሌስኮፖች ከበጋ ሌሊቶች የተወሰኑትን ከሥርዓተ ፀሐይ ውጪ ያሉ ፕላኔቶችን እንዲከታተሉ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ከጅምሩ ልናገር። ገንዘብ አልጠይቅም። አዲስ ሕንፃም፣ አዲስ ሳተላይትም አልጠይቅም። የምጠይቃችሁ ሌሊት ነው። ያውም ሁሉንም አይደለም፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጥርት ከሚልባቸው ሌሊቶች ጥቂቱን።

ደብረ ብርሃን የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተመራማሪ አይደለሁም። የሩቅ ፕላኔቶችን ነገር ግን ለዓመታት በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። ብዕር ያነሳሁት አንድ ነገር ስለሚያስቆጨኝ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከአቦል ነው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ከመቶ በላይ አገሮች ለየድርሻቸው ኮከብና ፕላኔት ያወጡትን ስም ይፋ አደረገ። ለእኛ የደረሰን በመዝገብ ቁጥሩ ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ነበር። ኮከቡ ቡና ተባለ። ፕላኔቷ አቦል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው ሳተላይታችን ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ ተወነጨፈች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሰማይ ዜና! ሳተላይቷን ሁሉም ያስታውሳታል። ስለ አቦል ግን እስቲ መንገድ ላይ ሰው አቁማችሁ ጠይቁ። «የት ነው የተፈላው?» ነው የሚላችሁ።

ለማያውቃት ላስተዋውቃት። አቦል በክብደት ከጁፒተር ቢያንስ 4 እጥፍ የምትበልጥ ግዙፍ ናት። የእሷ አንድ ዓመት የእኛን 2 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይፈጃል። መንገዷ ክብ አይደለም፤ በጣም የተለጠጠ ነው። ስትቀርብ እኛ ከፀሐይ ካለን ርቀት ባነሰ ርቀት ኮከቡን አልፋ ትሄዳለች። ስትርቅ ደግሞ፣ በእኛ ሠፈር ብትሆን ኖሮ፣ ማርስን አልፋ አስትሮይዶቹ ዘንድ ትደርስ ነበር። የኮከቡ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 195 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ዛሬ ማታ የሚደርሰን የቡና ብርሃን ጉዞ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት ነው ማለት ነው፤ ካሣ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ። ኮከቡ በዓይን አይታይም። ባይኖክዮላር ያለው ሰው ግን በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በስተሰሜን ከፍ ብሎ፣ አንድሮሜዳ ከፐርሲየስ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ሊያገኘው ይችላል።

ያገኟት ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ ኦብዘርቫቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009። እሷን አላዩዋትም። ኮከቡ በእሷ ስበት ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ፣ በሰከንድ ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሲመጣና ሲሄድ፣ ከብርሃኑ ለውጥ ደረሱበት። እኛ ስም አወጣን። ክርስትና ያነሳነውን ልጅ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ሄደን አልጠየቅነውም።

አውቃለሁ፣ አቦልን ራሷን ከእንጦጦ መለካት ከባድ ነው። የኮከብን ትንሽ ውዝዋዜ ለዓመታት ሳይዛነፍ የሚለካ ስፔክትሮግራፍ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዓለም ላይም ብዙ የለም። በኮከቡ ፊት ስታልፍም አልታየችም። ስለዚህ «አቦልን አምጡልን» ብዬ አላስቸግራችሁም። የእኔ ጥያቄ ስለ ዘመዶቿ ነው።

ዘመዶቿ ደግሞ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሸል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዋን ፕላኔት፣ 51 ፔጋሲ ቢን፣ ሲያገኙ ነገሩን ለማመን የተቸገረ ብዙ ነበር። ጁፒተርን የሚያህል ነገር እንዴት በ4 ቀን ኮከቡን ይዞራል? እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ናሳ የተረጋገጡት ፕላኔቶች 6,000 መድረሳቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የተገኙት በውዝዋዜ ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው። ፕላኔቷ በእኛና በኮከቡ መካከል ስታልፍ ኮከቡ ትንሽ ደብዘዝ ይላል። ባለሙያዎቹ ትራንዚት ይሉታል። እንጦጦ ይችላል የምለው ይህንን ነው።

አንዷን በቅርብ እንያት። ዋስፕ-12ቢ ትባላለች። ያለችው በኦሪጋ ኅብረ ከዋክብት፣ ከእኛ ወደ 1,400 የብርሃን ዓመት ርቃ ነው። ኮከቧን በ26 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ትዞረዋለች። ዓመቷ ከእኛ አንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል እንጂ ሁለት ቀን አይሞላም። በኮከቡ ፊት ለማለፍ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ ከኮከቡ ብርሃን 1.4 በመቶ ያህሉ ይጎድላል። ብርሃኑን 1,000 ብንለው ወደ 986 ወርዶ ይመለሳል። ዓይን ይህን ፈጽሞ አይለየውም። ካሜራ ግን ይለየዋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቴሌስኮፑ ኮከቡ ላይ ይነጣጠራል። በየደቂቃው ፎቶ ይነሳል። ማለፉ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ይቆያል። በአንድ ሌሊት 300 ያህል ፎቶ ይሆናል። ከዚያ በየፎቶው የዋናው ኮከብ ብርሃን አጠገቡ ካሉት ከማይለዋወጡ ከዋክብት ጋር ይነጻጸራል። ስስ ደመና ቢያልፍ ሁሉንም እኩል ስለሚያደበዝዝ ንጽጽሩ ብዙ አይጎዳም። ኮከቡ ደማቅ ሲሆን ደግሞ ምስሉን ሆን ብለው ያደበዝዙታል፤ ብርሃኑ ብዙ ፒክስል ላይ እንዲሰራጭና አንዱ ፒክስል እንዳይሞላ። ጥርት ያለ ፎቶ ለማንሳት የተገዛ ቴሌስኮፕ ብዥ ያለ ፎቶ ሲያነሳ ያየ ጎብኚ ምን እንደሚል እንጃ።

ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ከጂፒኤስ ጋር መስተካከል አለበት። ይህም አይበቃም። ምድር ፀሐይን ስለምትዞር የዚያ ኮከብ ብርሃን እንደ ወሩ እስከ 8 ደቂቃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሰናል፤ እሱም በስሌት ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ዋስፕ-12ቢ ወደ ኮከቧ እየወደቀች ስለሆነ ነው። የዙረቷ ጊዜ በየዓመቱ 29 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያጥራል። ሚሊ ሰከንድ ምን ታክል ነገር ናት? ነገር ግን እየተጠራቀመች ስትሄድ በአሥር ዓመት ውስጥ ማለፉን በደቂቃዎች ታስቀድመዋለች። በዚሁ ከቀጠለ ፕላኔቷ በ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ታበቃለች። በኮከቦች ዕድሜ ይህ ነገ ማለት ነው። ይህ የታወቀው አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ አንድ ቀን ተአምር ስላየ አይደለም። መካከለኛ ቴሌስኮፖች ያሏቸው ሰዎች፣ ብዙዎቹ መስተዋታቸው 1 ሜትር ገደማ በሆነ መሣሪያዎች፣ ከዓመት ዓመት ሳይሰለቹ ሰዓት ስለያዙ ነው።

እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ። 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ።

የዚህ ሥራ ሌላው ችግር ምድር መዞሯ ነው። ዋስፕ-12ቢ ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ብታልፍ፣ ነገ የምታልፈው 4 ሰዓት ከ12 ላይ ነው፤ ከነገ ወዲያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ24 ላይ። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ቀን ትገባና ታመልጠናለች። ተመልሳ ምሽት ላይ እስክትመጣ 11 ወይም 12 ቀን ያልፋል። እኛን ስታመልጥ ግን ለሌላው ትመቻለች። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአንድ አገር አይሆንም። ቴሌስኮፖች በምድር ዙሪያ ተበታትነው፣ አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ሲመሽ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚሠሩት። ካርታውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከሞሮኮ ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ የአፍሪካ ቀንድ ላይ ሰፊ ክፍተት ታያላችሁ። እኛ ጋ ከሞሮኮ 3 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ይመሻል። እዚያ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የጀመረ ትራንዚት እኛ ጋ ሙሉውን ይታያል።

ደግሞ ያለንበት ቦታ! ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን። የሰሜኑን ኮከብ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብሎ እናየዋለን፤ የደቡቡን መስቀልም እናየዋለን። አውሮፓ ያለ ቴሌስኮፕ የደቡቡን ሰማይ ትልቁን ክፍል ፈጽሞ አያየውም። ቺሊ ያለው ደግሞ ሰሜኑን ያጣዋል። እኛ ሁለቱንም እናያለን ማለት ይቻላል። ዋስፕ-12 በጥር እኩለ ሌሊት አካባቢ ከአናታችን ብዙም አይርቅም።

ሞሮኮን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከማራካሽ በላይ በአትላስ ተራሮች ላይ ኡካይምደን የሚባል ኦብዘርቫቶሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቤልጂየሙ ሊዬዥ ዩኒቨርሲቲና የማራካሹ ካዲ ዓያድ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ትራፒስት ኖርዝ የሚባል ቴሌስኮፕ ሥራ አስጀመሩ። መስተዋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። አዎ፣ ከእኛ ያንሳል። ቺሊ ላሲያ ላይ ያለው መንትያው ያንኑ በምታክል መስተዋት ነው ትራፒስት-1 የሚባለውን ትንሽ ቀይ ኮከብ ሲጠብቅ ሦስት ፕላኔቶች ያገኘው። ግኝቱ በ2016 ይፋ ሆነ። በዓመቱ በስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕና በሌሎችም ርዳታ 7 ደረሱ፤ ሁሉም በስፋት ምድርን የሚቀራረቡ፣ ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ። አሁን የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የሚመረምራቸው እነዚያኑ ነው።

ከማራካሹ ቴሌስኮፕ ጋር የሠራው ሞሮኳዊው ኻሊድ ባርካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ዋስፕ-193ቢ የምትባለውን ፕላኔት ያሳወቀውን ቡድን መርቷል። ከጁፒተር በስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ናት፤ በክብደት ግን ሰባተኛው እጅ። ጥግግቷ ከውኃ ወደ 17 እጥፍ ያንሳል። እንዲህ ያለ ፕላኔት እንዴት እንደሚፈጠር እስካሁን ያከራክራል። ባርካዊ ከሰማይ አልወረደም። አገሩ ላይ ቴሌስኮፕ ነበረ፤ ሌሊት ተሰጠው፤ ሠራ። ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይም ኬልት የሚባለው ፕሮጀክት የካሜራ ሌንስ በሚያህል መሣሪያ ፕላኔት ሲያድን ነበር፤ የሌንሱ ስፋት 4.2 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሥራ የለም እንዳይባል ደግሞ ሥራው ተቆልሏል። ቴስ የምትባለው የናሳ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሰማዩን እያሰሰች ነው። እስካሁን ያስመዘገበችው ዕጩ ፕላኔት ከ7 ሺህ በላይ ነው። ከእነዚህ የተጣራው ጥቂቱ ነው። ለምን ማጣራት ያስፈልጋል? የቴስ ካሜራ ሰፊ ሰማይ ስለሚይዝ አንዷ ፒክስል 21 የቅስት ሰከንድ (የሰማይ ማዕዘን መለኪያ ነው) ትሸፍናለች። በዚያች ፒክስል ውስጥ ብዙ ከዋክብት ሊታጨቁ ይችላሉ። አጠገብ ያሉ ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት እርስ በርስ ሲጋረዱ ደማቁ ኮከብ የደበዘዘ ይመስላል፤ ፕላኔት ተገኘ ይባላል፤ ፕላኔት ግን የለም። ይህን የሚለየው መሬት ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ነው። እንጦጦ ያለው መስተዋት እነዚያን ከዋክብት ነጣጥሎ ያሳያል። «ይህ ፕላኔት አይደለም» ብሎ ማስመዝገብም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። ኤክሶክሎክ የሚባለው ፕሮጀክትም አለ። አሪየል የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ስትወነጨፍ የ1,000 ያህል ፕላኔቶችን አየር ትመረምራለች። እያንዳንዷ መቼ እንደምታልፍ በትክክል ካልታወቀ ግን ያ ውድ ጊዜ ባዶ ሰማይ ላይ ይባክናል። ስለዚህ በኤክሶክሎክ ሥር ሰዓት የሚይዙ ሰዎች በየአገሩ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ጓሯቸው ውስጥ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ያላቸው ጡረተኞችና ተማሪዎች አሉ። ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት እንጦጦም ከእነሱ ጎን ሊሰለፍ ይገባዋል።

አሁን ወደ ክፍሌ ልውሰዳችሁ። የምናስተምርበት ክፍል ፕሮጀክተር የለውም። አንድ ቀን የዋስፕ-12ቢን የብርሃን ግራፍ ከስልኬ እያየሁ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ነጥብ በነጥብ ሣልኩት። ቀጥ ብሎ መጣና ጎድጎድ አለ፤ ከዚያ ተመልሶ ወጣ። ተማሪዎቹ የ0.014ን ስኩዌር ሩት አወጡ፤ 0.118 ሆነ። የኮከቡ ራዲየስ ከፀሐይ 1.6 እጥፍ ገደማ መሆኑን ነገርኳቸው። አባዙ። ፕላኔቷ ከጁፒተር ወደ 1.8 እጥፍ ሰፍታ ወጣች። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አያልፍም። ግማሹ ክፍል መልሱን ከጎረቤቱ ነው የገለበጠው፤ ይሁን። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄን የለካው ማነው?»

አውሮፓውያን፣ አሜሪካውያን፣ አልኳት።

«እንጦጦ ያለው አይችልም?»

ይችላል አልኳት።

«ታዲያ?»

ታዲያ ለምትለዋ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ጥያቄዋን ወደ እናንተ መራሁት፤ እንደ መሥሪያ ቤት አሠራር።

ከእናንተ ወገን ሊነሱ የሚችሉ ነገሮችን መገመት አይከብደኝም። አንደኛው የከተማዋ ብርሃን ነው። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ደምቃለች፣ ብርሃኗ እስከ እንጦጦ ይደርሳል። ለደብዛዛ ጋላክሲ ይህ መርዝ ነው። ለትራንዚት ግን ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። የሚፈለጉት ከዋክብት በአብዛኛው ደማቅ ናቸው፤ ንጽጽሩም ከጎረቤት ኮከብ ጋር ስለሆነ የሰማዩ መንጣት በስሌት ይቀነሳል። ላሊበላ አካባቢ ባሉት ተራሮች ላይ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ የመሥራት ሐሳብ ለዓመታት ሲነገር ሰምተናል። ይሳካ። ግን እሱ እስኪመጣ እንጦጦ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። እስከዚያው ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ተነጋግራችሁ በተራራው በኩል ያሉት የመንገድ መብራቶች ብርሃናቸውን ወደ ታች ብቻ እንዲለቁ ማድረግ ብትችሉ ትልቅ ውለታ ነው። መብራት ይጥፋ አላልኩም። ቆብ ይደረግለት ነው ያልኩት።

ሌላው ክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደመናው አያስጠጋም። እኔ ግን ይህን እንደ ዕድል ነው የማየው። የእኛ የመምህራን ዕረፍት ክረምት ላይ ነው። ቴሌስኮፑ ተሸፍኖ በሚቀመጥበት ጊዜ መምህራንን ጠርታችሁ በበጋው የተነሱትን ፎቶዎች እንዴት ወደ ግራፍ እንደሚቀየሩ ብታሠለጥኑን፣ መስከረም ላይ እያንዳንዳችን ወደየክፍላችን ይዘነው እንገባለን። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ላፕቶፕ ያለው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፤ የሌለው ካለው ጋር ይቀመጣል።

«ሕዝብ ሳይበላ ኮከብ ቆጠራ?» የሚል ሰውም አይጠፋም። ይህን ክርክር ብዙ አላራዝመውም። ቴሌስኮፖቹ ተገዝተዋል። ተተክለዋል። ሥራ ፈተው ቢቀመጡም መስተዋታቸው አቧራ ይይዛል፤ አልሙኒየሙም እያረጀ ስለሚሄድ በየጊዜው እንደ አዲስ መቀባት ይፈልጋል። ወጪው ሠሩም አልሠሩም አለ። ትርፉ ብቻ ነው የሚለያየው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰዉ ነገር ነው። 3,200 ሜትር ላይ የታኅሣሥ ሌሊት ምን ማለት እንደሆነ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ወጥቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ድረስ የሚጠብቅ ባለሙያ የሌሊት አበል፣ ሙቅ ክፍልና መመለሻ ሰርቪስ ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋ ካሜራው እንዳይሞት ባትሪ ያስፈልጋል። አንድ ትራንዚት መሃሉ ላይ ለአሥር ደቂቃ ከተቋረጠ የሌሊቱ ድካም ግማሹ ሄደ። አንድ ነገር በጀት ይያዝለት ከተባለ ለዚህ ይያዝ። ለወርክሾፕ ባነርና ለሆቴል አዳራሽ ከሚወጣው ላይ ቢቀነስ የሚከፋው ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዝርዝሩን ላስቀምጠው። ከጥቅምት እስከ የካቲት በሳምንት ሁለት ሌሊት ለትራንዚት ይመደብ። አንደኛው ሌሊት ሰዓታቸው እየተዛነፈ ላሉ እንደ ዋስፕ-12ቢ ላሉት፣ ሌላው ለቴስ ዕጩዎች። የተገኘው ግራፍ ከአንድ ወር ባልበለጠ ጊዜ ለሕዝብ ይለቀቅ። ጥሬ ፎቶው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ኢንተርኔቱን ሳይከብደው አይቀርም፤ ግራፉ ግን 300 መስመር ያለው ሰንጠረዥ ነው። በቴሌግራም ከሚላክ አንድ ፎቶ ያንሳል። በየሰንጠረዡ አናት ላይ ሌሊቱን የጠበቀው ባለሙያ ስም ይጻፍ። የጠባቂው ስም ሲቀር አያምርም። ውጭ ያሉ በሙያው የተማሩ ወገኖቻችንም ዳታው ከተለቀቀ ዋሽንግተንም ስቶክሆልምም ሆነው ሊሠሩበት ይችላሉ፤ ብዙዎቹ «ምን እናግዝ?» እያሉ ነው የሚኖሩት፤ የሚያግዙበት ነገር ይሰጣቸው።

ሌላም አለ፤ ይህ ከሁሉም የቀለለ ነው። ቴሌስኮፖቹ ባለፈው በጋ ስንት ሌሊት ተከፈቱ? ስንቱን ደመና ወሰደው? ስንቱን ብልሽት? ይህን የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ በየዓመቱ አውጡልን። ለክስ አይደለም የምጠይቀው። ትልልቆቹ የዓለም ኦብዘርቫቶሪዎች ይህን ይመዘግባሉ፤ ጥሩ ቁጥር ሲኖራቸውም መጥፎ ሲኖራቸውም። ቁጥሩ ካለ መነጋገር ይቻላል። ዘንድሮ 20 ከሆነ ለከርሞ 40 እንዲሆን ምን ይደረግ እንላለን። ቁጥር ከሌለ ግን የሚቀረን ወሬ ነው።

በመጨረሻ ስለ አቦል። እሷ ከእንጦጦ ባትለካም ኮከቡ ግን ይታያል። በታኅሣሥ 7 ቀን፣ ስሙ በወጣበት ዕለት፣ በየዓመቱ አንድ ምሽት በሩን ለሕዝብ ክፈቱና ሰው ቡናን በቴሌስኮፕ ይየው። ስሙን ከእኛ ያገኘ ኮከብ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቢታይ ምን አለ? ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ላምበረት ነው የሚያወርደን፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ የሚወስደን መኪና ግን እናንተ ካላዘዛችሁልን በምሽት አይገኝም። ይህንንም ከጥያቄዎቼ ጋር ደምሩልኝ።

መልሳችሁን በምትችሉት መንገድ እጠብቃለሁ። «አይቻልም» ከሆነም ለምን እንደማይቻል ይጻፍልን፤ ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ይጠቅመኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር (የክረምት ሥልጠናውን በተመለከተ)
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር (የመንገድ መብራቶቹን ቆብ በተመለከተ)
ከኋላ ወንበር ለጠየቀችኝ ተማሪ